«ያመጣው ሰው፦ እናት»

አንዲት እናት በወለደች በሰባት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዳ መተንፈስ እንዳቃታት ተናገረች። ስድስቱንም ጊዜ የተመዘነችው ልጇ ናት። የእናትየውን ደረት ያዳመጠ፣ እግሯን የዳሰሰ፣ የደም ግፊቷን የለካ አንድም ሰው አልነበረም። በዚያን ወቅት ልቧ ሥራውን ሊያቆም ጥቂት ቀርቶት ነበር። ይህ ግምት አይደለም፤ ስድስቱ ቀናት በወረቀት ላይ ሰፍረዋል፤ ወረቀቱንም የጻፈው ራሱ ጤና ጣቢያው ነው።

ሴትየዋ አልሞተችም። አለመሞቷን እንደ መከላከያ የሚያቀርቡ አሉ፤ «ይኸው ድናለች አይደል እንዴ?» ይላሉ። አዎ፣ ድናለች። ያዳኗት ግን እነርሱ አይደሉም፤ ማን እንዳዳናት በቅደም ተከተል ሲነገር ደግሞ ነገሩ ራሱ ክስ ይሆናል።

የሥራ ባልደረቦቿ «ሴንቲ» ይሏታል። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። ጨርቁ አርባ ጊዜ ተደራርቦ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፤ እርሷ የካርቶን ናሙናውን ከላዩ አሳርፋ በጠመኔ ታሰምራለች፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ መቁረጫው መስመሩን ተከትላ ትሄዳለች። እጇ በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢስት አርባ ሱሪ በአንድ ጊዜ ይበላሻል። ስለዚህ አይስትም። አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር ከሰውነቷ ጋር አብሮ የበቀለ እስኪመስል ድረስ አይለያትም፤ ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተሯ ላይ ያላሰፈረችውን ልክ ደግሞ እንዳልተለካ ትቆጥረዋለች።

«አንቺ ሴንቲ፣ ለዚህ እጅጌ አንድ ጣት ብትለቂለት ምን ትሆኛለሽ?» ትላታለች ማዶ ካለው የስፌት መኪና ላይ ያለች ሰፊ።

«የማንን ጣት?»

«የማንም ይሁን፣ አታድርቂኝ!»

«እንግዲያው ያንቺን ቁረጪና አምጪ፤ በእርሱ እለካልሻለሁ።»

ባሏ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። የሚኖሩበት ሕንፃ አሳንሰር ግን ከቆመ ዓመት አልፎታል፤ መለዋወጫው አልመጣም። ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ መምህር ይህን ነገር እንደ ዕለት ጸሎት ሳይጠቅሰው አይውልም። «አንተ ሰውዬ፣ የከተማውን ሕዝብ ሰማይ ታደርሳለህ፤ ሚስትህን ግን ሰባ ሁለት ደረጃ ታስቆጥራታለህ!» ባልየው ይስቃል። ደረጃዎቹን የቆጠረችው ሴንቲ ናት፤ ሰባ ሁለት ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ።

ወሊዱ ያለ ችግር አለፈ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። አማቷ ሊያርሷት መጥተው በአንደኛው ክፍል አረፉ። እስከዚህ ድረስ የሚከሰስ ሰው የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ሴንቲ ደረጃ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ጊዜ ቆመች። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ። በአራተኛው ሳምንት በየፎቁ መካከል ትቆም ጀመር፤ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ፣ አንድ ሰው ጠርቷት መልስ የምታዘጋጅ ይመስል። እግሯ አበጠ። ተጋድማ መተኛት አቃታት።

«ልጄ፣ አራስ እኮ ነሽ» አሏት አማቷ። «የአራስ እግር ያብጣል፣ ትንፋሿም ያጥራል። እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ ስድስት ጊዜም አብጧል።»

«እማማ፣ እርስዎም ተቀምጠው ነበር የሚተኙት?»

«ምነው ተቀምጬ? ዘበኛ ነኝ?»

«እኔ ጋደም ስል ውኃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ቀና ካላልኩ አየር የለም።»

«ትራስ ጨምሪ» አሉ አማቷ። ትራሱ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፤ በመጨረሻ አልጋው ቀርቶ ሴንቲ በወንበር ላይ ማደር ጀመረች። አማቷ ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያውቁትን ተናገሩ፤ የሐኪም ትምህርት አልተማሩም፤ ነጭ ካፖርት ለብሰው ደመወዝ አልተቀበሉም። እርሳቸውን ከሚከተሉት ሰዎች ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የጤና ጣቢያውን አሠራር እዚህ ላይ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ጥፋቱ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነውና። ነፍሰ ጡር ሴት ቢጫ ካርድ አላት። ወልዳ በወጣች ቀን ቢጫው ካርድ «ተጠናቋል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ወደ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በምትኩ ለሕፃኑ ነጭ ካርድ ይከፈታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናትየዋ በዚያው በር ስትገባ ታካሚ አይደለችም። በነጩ ካርድ ላይ የተተወላት ቦታ አንድ መስመር ነው፦ «ያመጣው ሰው»። ነርሷ በዚያ መስመር ላይ «እናት» ብላ ትጽፋለች። ሕፃኗን የሠፈር ዘበኛ ይዟት ቢመጣም ያው መስመር በዘበኛው ይሞላ ነበር።

ሴንቲ ወደ ጤና ጣቢያው በሄደችበት በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ሕፃኗን ሚዛን ላይ አሳርፋ ፈገግ አለች። «ጎበዝ! ጨምራለች። ጡት በደንብ ትጠባለች?»

«ትጠባለች። እኔ ግን ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጣል።»

«መጀመሪያ ላይ ይደክማል። የሚያግዝሽ አለ?»

«አማቴ አሉ።»

«ታድለሽ! የእኔ አማት ብትመጣ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ።»

ሁለቱም ሳቁ። ነርሷ ክብደቱን ጻፈች፣ ቀጥሎም «ምክር ተሰጥቷል» ብላ ጻፈች። ሴንቲ ልጇን አቅፋ ወጣች። ከሕፃናቱ ሚዛን ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የአዋቂ ሚዛን ቆሞ ነበር፤ የነርሶቹ ቦርሳዎች ይቀመጡበት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሴንቲ ለራሷ ለመታየት ቆርጣ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄደች።

«ካርድሽ ተዘግቷል» አላት ጸሐፊው።

«ይከፈትልኝ።»

«የተጠናቀቀ አይከፈትም። እንደ አዲስ በሽተኛ መመዝገብ አለብሽ። ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሦስት ሳምንት።»

«እ፣ አራስ ከሆንሽማ አዲስ በሽተኛ አትባይም። አንቺን የሚያይሽ የእናቶችና የሕፃናት ክፍል ነው።»

«ከዚያ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ እዚያው ንገሪያቸው እንጂ እኅቴ፣ እኔ ሐኪም ነኝ?»

እዚያው ነገረቻቸው። ሕፃኗ ተመዘነች። ምክር ተሰጥቷል።

በሦስተኛው ቀን የጤና ጣቢያው ሐኪም በኮሪደሩ ሲያልፍ ነርሷ አስቆመችው። ሐኪሙ ሴንቲን ከሩቅ አያት፤ ፊቷ ሞልቷል፣ ጉንጯ ወጥቷል። «አምሮብሻል፣ ወፍረሻል፤ መልካም ነው» አላት። ፊቷን የሞላው ውኃ ነበር። በአራተኛው ቀን ማሳል ጀምራ ስለነበር ጉንፋን ነው ተባለ፤ ሕፃኗን ስታጠባም አፏን በጨርቅ እንድትሸፍን ተነገራት። ምክሩ የተሰጠው ሕፃኗ በሳሉ እንዳትያዝ ነው። ያ ሳል ከሳንባ ውስጥ የሚመጣ የውኃ ድምፅ መሆኑን ለማወቅ አንድ ማዳመጫ ጀርባዋ ላይ ማሳረፍ ይበቃ ነበር፤ ማዳመጫው በሐኪሙ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ በወንበሩ ተቀምጦ አነጋገራት።

«የመጀመሪያ ልጅሽ ናት?»

«አዎ።»

«እንቅልፍስ?»

«መጋደም አልችልም።»

«ሐሳብ ይበዛብሻል ማለት ነው። ጭንቀት ነው፤ ብዙ እናቶች ይገጥማቸዋል። ራስሽን አታስጨንቂ።»

በነጩ ካርድ ላይ በእጁ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እናት ትጨነቃለች። ምክር ተሰጥቷል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ኋላ ላይ ይፈለጋል።

ሴንቲ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከደረጃው ላይ ሰባት ጊዜ ቆመች። ባሏ ከታች ሆኖ ልጅቱን ይዞ ይከተላት ነበር፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ጆሮውን ወደ ጀርባዋ አስጠጋ።

«ምን ትሠራለህ?»

«ዝም በይ። ይኼን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከአቅሙ በላይ ተጭኖ የሚወጣ ሞተር ነው።»

«ሞተር ነሽ እያልከኝ ነው?»

«አንቺማ ደኅና ሞተር ነሽ። የተጫነብሽን ነው ያላወቅሁት።»

ያን ዕለት ሴንቲ ሜትሯን ከመስቀያው አወረደች። የቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ልክ ሃያ ሁለት ተኩል መሆኑን ታውቃለች፤ የሱሪ ናሙና የምትሞክረው በራሷ እግር ላይ ነውና። ለካች፤ ሃያ ሰባት። በማግስቱ ጠዋት፣ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ በዚያው ቦታ ለካች፤ ሃያ ሰባት ተኩል። በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጣቷ የሰመጠበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ፤ ሥጋው ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ አርባ ቆጠረች። ይህንንም ጻፈች። በየቀኑ ለካች፣ በየቀኑ ጻፈች፤ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር። እጇ የለመደው አንድ ሙያ ነው፦ አስቀድመህ ለካ፣ ከዚያ ተናገር።

በስድስተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ ሄደች። ከወለደች በአርባ ሰባተኛው ቀን ማለት ነው። ሐኪሙ ገጹን በጣቱ ገለጠው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእግሬ ልክ። ከሃያ ሁለት ተኩል ተነሥቶ ሃያ ዘጠኝ ደርሷል።»

«ሱሪ ልታሰፊለት ነው?»

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ቁጥሮቹን ያነበበ አልነበረም። ሕፃኗ ተመዘነች፤ አራት ኪሎ ከስምንት መቶ። «ያመጣው ሰው፦ እናት። ምክር ተሰጥቷል።»

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጠዋት፣ አማቷ «ውኃ ልስጥሽ?» ሲሏት ሴንቲ «አዎ እማ» ብላ አንድ ጊዜ ተነፈሰች፤ «ማ» ብላ ጨረሰች። አማቷ ብርጭቆውን አስቀመጡት። በሩን ከፍተው ልጃቸውን በሙሉ ድምፃቸው ጠሩት።

«ና! ቶሎ ና! ስድስት ወልጃለሁ እያልኩ የማወራው እኔ ነኝ፤ ስድስት ጊዜም እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ተሳስቻለሁ፤ ና!»

ባልየው አሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ወገቡን የሚያስርበትን ሰፊ ቀበቶ አመጣ፤ ሚስቱን ከእነወንበሯ አሰራት። ጡረተኛው መምህር ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ፤ ያን ቀን አልተረበም። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው ሰባ ሁለቱን ደረጃ አወረዷት።

ታክሲው ውስጥ ባልየው «ወደ ጤና ጣቢያው፣ እዚሁ ቅርብ ነው» አለ ለሾፌሩ።

ሴንቲ እጇን አነሣች። ቃል ማባከን አትችልም ነበር። «ቅርቡን» አለች፤ ተነፈሰች፤ «ስድስቴ ሄድኩበት።» ደግማ ተነፈሰች። «ሆስፒታል።»

ይህች ሴት በሰውነቷ ውስጥ የቀረው አየር ለሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚበቃ በሆነበት ሰዓት፣ በአካባቢው ከነበረው ሰው ሁሉ የተሻለ የሕክምና ውሳኔ የወሰነችው እርሷ ናት። ሾፌሩ መኪናውን አዞረ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለቻት ወጣት ሐኪም ካርድ አልጠየቀችም። ቁርጭምጭሚቷን ጨበጠችው፣ ጣቷ የተወውን ጉድጓድ አየች፣ ከዚያም «መቼ ወለድሽ?» አለቻት። ሁለት ቃል ነው። ጤና ጣቢያው የዚህን ጥያቄ መልስ በራሱ ማኅተም አትሞ ይዞት ነበር፤ የወሊዱን ቀን ከትንፋሿ ጋር ያገናኘ ግን አልነበረም። ወጣቷ ሐኪም በአንዲት ደቂቃ አገናኘችው። ኦክስጅን ተደረገላት፤ የልብ አልትራሳውንድ ታዘዘላት፤ የልብ ስፔሻሊስቷ ተጠራች።

ስፔሻሊስቷ ጠና ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። በማግስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«የልብሽ ጡንቻ ዝሏል። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙ ሴት አይዝም፤ ግን እናውቀዋለን፤ ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ውስጡ ካለው ደም ከግማሽ በላይ ይረጫል። ያንቺ ሃያ በመቶ እንኳ አይሞላም።»

«በትክክል ስንት ነው ዶክተር?»

ስፔሻሊስቷ ቀና ብላ አየቻት። «አሥራ ስምንት።»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ቢያንስ ሃምሳ አምስት።»

«ሠላሳ ሰባት ጎድሏል» አለች ሴንቲ። ከዚያ ባሏን ደብተሩን እንዲያቀብላት ጠቆመችው።

ስፔሻሊስቷ ገጾቹን አንድ በአንድ አነበበች። አልሳቀችም። «ማን ነው የለካው?»

«እኔ።»

«የት ላይ?»

«ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፤ ከመጀመሪያዋ ቀን በቀር ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከመነሣቴ በፊት።»

«እንዲህ የሚለካ አንድ ተማሪ ቢሰጡኝ ሌላ ምንም አልለምንም ነበር» አለች ስፔሻሊስቷ፤ ብዕሯን አውጥታም ቁጥሮቹን ከነቀናቸው ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ገለበጠቻቸው። ሕመሙ በምን ፍጥነት እንደባሰ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ በዓለም ላይ አልነበረም።

በስድስት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ውኃ ከሰውነቷ ወጣ። ቁጥሩ ደግሞ ይነበብ፦ ዘጠኝ ኪሎ። ይህ ሸክም ያ የቦርሳ ማስቀመጫ የሆነው ሚዛን ባዶ ቢሆንና እርሷም አንድ ጊዜ ብትወጣበት ኖሮ ይታይ ነበር። ሕፃኗ በሰባት ሳምንት የጨመረችው አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም በስድስት መስመር ተመዝግቧል፤ እናትየዋ የጨመረችው ዘጠኝ ኪሎ በየትም አልተመዘገበም።

በሰባተኛው ቀን ሴንቲ ተጋድማ ተኛች። አማቷ ይህን ባዩ ጊዜ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ።

ማገገሙ ዝግ ያለ ነበር፤ ግን ወደ ኋላ አላለም። ከመድኃኒቶቹ የተነሣ ጡት ማጥባት እንድታቆም ተነገራት፤ ይህ ከመርፌው ሁሉ ይበልጥ አመማት። ጡጦውን የተረከቡት አማቷ ናቸው፤ ወተቱን በሴንቲ ትእዛዝ በሚሊ ሊትር እየለኩ።

«ልጄ» አሏት አንድ ቀን ጡጦውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው መስመሩን እያዩ፣ «ስድስት መውለዴን ከእንግዲህ ለሰው አላወራም።»

«ያውሩ እማማ። ግን ከእግርዎ ልክ ጋር ያውሩ።»

ስፔሻሊስቷ ሌላ እርግዝና ልቧን ዳግም ሊጥለው እንደሚችል ለሁለቱም ባልና ሚስት በግልጽ ነገረቻቸው። ተነጋገሩ፤ ወሰኑ፤ አንድ ልጅ ይበቃናል አሉ። ለጥየቃ የመጣች ዘመድ «እንዴ፣ አንድ ብቻ? ወንድም የላት፣ እኅት የላት!» ስትል መልስ የሰጧት አማቷ ናቸው። «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አሉ። «የእኔ ልጅ ያላት ልብ አንድ ነው። ከፈለግሽ አንቺ ውለጂላት፤ ጡጦውን እኔ እይዛለሁ።» ዘመድ ወሬ ቀየረች።

በሦስተኛው ወር ልቧ ሠላሳ አራት በመቶ ደረሰ። በዘጠነኛው ወር አርባ ስድስት። ወደ ወርክሾፑ ስትመለስ አለቃዋ አዝኖላት ቀላል ሥራ መርጦላት ነበር፤ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ እንድትቆጥር።

«ቁልፍ?» አለች ሴንቲ። «ልቤ ነው የደከመው እንጂ እጄ ነው? ከፍ ያለ ወንበር ስጡኝና ጠረጴዛዬን መልሱልኝ።»

ወንበሩ መጣ። በሌለችበት የቆረጠው ሰው በየሱሪው ወገብ ላይ አንድ ሴንቲ ለቆ ነበር። ሰፊዋ ከማዶ ሆና «እንኳን መጣሽ! እኛ እኮ በሰላም እንሰፋ ነበር» አለቻት። ሴንቲ ናሙናውን አነሣች፤ በጠመኔ የተሰመረውን በእጅጌዋ ጠረገችው፤ እንደገና አሰመረች። በሁለተኛው ዓመት ልቧ ሃምሳ አንድ በመቶ ሆነ። አሁን ሰባ ሁለቱን ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ቆማ ትወጣለች፤ የምትቆምበትም ቦታ ልጅቱ በራሷ እግር ልውጣ ብላ የምታስቸግርበት ነው።

ጤናዋን ያገኘች ሴት ጉዳዩን ትተወዋለች ብለው የጠበቁ ነበሩ። የማያውቋት ናቸው። አቅም ባገኘች በመጀመሪያው ሳምንት ነጩን ካርድ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ቅሬታ ሰሚ ክፍል ገባች። ካሣ አልጠየቀችም። የማንንም ከሥራ መባረር አልጠየቀችም። ሁለት ነገር ጠየቀች፦ በእነዚያ ስድስት ቀናት ታምማ መምጣቷ በስሟ ይመዝገብ፤ በሕፃናቱ ነጭ ካርድ ላይ ደግሞ የእናትየዋ ክብደት፣ የደም ግፊትና ትንፋሽ የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመር። አንድ መስመር።

ኃላፊው ትሑት ሰው ናቸው። ካርዱን አገላብጠው አዩት።

«እኅቴ፣ በእነዚህ ቀናት እርስዎ ታካሚ አልነበሩም።»

«ምን ነበርኩ?»

«አምጪ።»

«አምጪዋ መተንፈስ አቃተኝ ብላለች።»

«ብለው ይሆናል፤ ግን ይኼ የሕፃኗ ካርድ ነው። የእርስዎ ሕመም በእርስዎ ካርድ ላይ ነው መኖር ያለበት።»

«የእኔ ካርድ ተዘግቷል ተባልኩ።»

«ትክክል ነው። በወሊድ ይዘጋል።»

ሴንቲ ጣቷን በአምስተኛው መስመር ላይ አሳረፈች። «‹እናት ትጨነቃለች› ይላል፤ በሐኪሙ እጅ የተጻፈ ነው። ይቺ እናት ማን ናት?»

ኃላፊው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይኼ ስለ ሕፃኗ አካባቢ የተያዘ ማስታወሻ ነው።»

«አካባቢ?»

«ሕፃኗ የምታድግበት ሁኔታ ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ስታመም የት ላይ ነበር የሚጻፍልኝ?»

ኃላፊው ለጥቂት ጊዜ አሰቡ። በእውነት አሰቡ። «ጥያቄዎ ተገቢ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በጽሑፍ ያቅርቡት።»

በጽሑፍ አቀረበች፤ ስድስቱን ቀናት፣ የደብተሯን ቅጂ፣ የስፔሻሊስቷን ማረጋገጫ አያይዛ። ከአራት ወር በኋላ የተጻፈላት መልስ ይህ ነው፦ «በተጠቀሱት ስድስት ቀናት ቅሬታ አቅራቢዋ በታካሚነት ያልተመዘገቡ በመሆኑ፣ በእርሳቸው ላይ የተፈጸመ የአሠራር ጉድለት አልተገኘም።» ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም። በተራ ቋንቋ ሲነበብ ደግሞ «አላየንሽምና አልበደልንሽም» ማለት ነው። ጉድለቱ አለመመዝገቧ ነበር፤ አለመመዝገቧ የጉድለት አለመኖር ማስረጃ ሆኖ ቀረበባት። ይህን ያረቀቀው ሰው ደደብ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። የጻፈውን አውቆ ነው የጻፈው።

ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈች። ኮሚቴ ተቋቁሟል ተባለች። ኮሚቴው አንድ ጊዜ ተሰብስቦ፣ ነጩ ካርድ ላይ መስመር መጨመር የሕትመት ለውጥ ስለሚጠይቅ ወደ በላይ አካል እንዲመራ ወሰነ። የበላዩ አካል ከታች ያለው አካል አስተያየት እንዲሰጥበት መለሰው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ያስገባች ዕለት ሴንቲ በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ሕፃን የታቀፈች አንዲት ወጣት አየች። ወጣቷ የጫማዋን ተረከዝ ረግጣ ነው የተጫማችው፤ እግሯ አልገባ ብሏታል። ሴንቲ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጫማሽ ጠቦሻል?»

«ያብጥብኛል። ራሴንም ያመኛል፣ ዐይኔም ብዥ ይልብኛል። ነገርኳቸው፤ ዕረፍት አድርጊ አሉኝ።»

«ስንት ጊዜ ነገርሻቸው?»

«ሦስተኛዬ ነው።»

«እኔ ስድስት ጠብቄአለሁ፤ አንቺ አትጠብቂ። ተነሺ» አለቻት ሴንቲ፤ ሕፃኑን ተቀብላት እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አብራት ሄደች። የዚያች ወጣት ሕመም የልብ አልነበረም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት ነበር። እርሱም ይገድላል። ተኝታ ታከመች፤ ዳነች። በልጇ ነጭ ካርድ ላይ ግን ያለው ሦስት ክብደትና ሦስት ጊዜ «ያመጣው ሰው፦ እናት» ብቻ ነው። ሴንቲ የዚያን ካርድ ቅጂ ከወጣቷ ፈቃድ ጋር አያይዛ ሦስተኛ ደብዳቤ ጻፈች።

ሐኪሙ በዚያው ጤና ጣቢያ፣ በዚያው ክፍል ይሠራል። ቢጫው ካርድ ዛሬም በወሊድ ቀን ይዘጋል፤ በነጩ ላይ የተጨመረ መስመር የለም። ስድስቱ ቀናት በሴንቲ ስም አልተመዘገቡም። ሦስተኛው ደብዳቤዋ ከገባ አሥራ አራት ወር ሆኖታል፤ መልስ አልተሰጠውም።